ስንት ጊዜ ያጎላል? ወይስ ምን ያህል ይለያል?

ስለ ማይክሮስኮፕ ሲነሣ ከተማሪውም ከገዢውም አንደበት ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ስንት ጊዜ ያጎላል?» የሚለው ነው። ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ ቁጥሩን በጉልህ ያትማሉ፤ 1000፣ 1600፣ አልፎ ተርፎም 2000 ጊዜ ያጎላል ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ አቋም ጥያቄው ከመነሻው ስቷል የሚል ነው። መጠየቅ ያለበት መሣሪያው ምን ያህል እንደሚያጎላ ሳይሆን ሁለት ተቀራራቢ ነጥቦችን ምን ያህል ለይቶ እንደሚያሳይ ነው። ይህን የመለየት አቅም በመጨረሻ የሚገድበው ደግሞ ዲፍራክሽን የተባለው የብርሃን ባሕርይ ነው። እንደ መካነ ሰላምና እንደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ባሉ አካባቢዎች፣ የከፍተኛ ትምህርት ቤተ ሙከራዎች ገና በመደራጀት ላይ ባሉበት በዚህ ጊዜ፣ የሁለቱ ጥያቄዎች ልዩነት የገንዘብም የጤናም ጉዳይ ነው።

ብርሃን ሞገድ ነው። በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ወይም በሌንስ ጠርዝ ሲገደብ በቀጥተኛ መንገዱ ብቻ አይጓዝም፤ ወደ ጎንም ይንሰራፋል። ስለዚህ እንከን የሌለበት ሌንስ እንኳ የአንዲትን ነጥብ ብርሃን መልሶ ነጥብ አያደርገውም፤ መሀሉ ደማቅ፣ ዙሪያው በደብዛዛ ቀለበቶች የተከበበ ክብ አድርጎ ያሳያል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ኤሪ የዚህን ክብ ስፋት በ1835 እ.ኤ.አ. በስሌት አሳየ። የሁለት ነጥቦች ክቦች ከመጠን በላይ ከተደራረቡ ነጥቦቹ እንደ አንድ ይታያሉ። በሎርድ ሬይሊ መስፈርት መሠረት ሊለይ የሚችለው ትንሹ ማዕዘን የሚገኘው የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት በ1.22 ተባዝቶ ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል ነው። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር የመለየት አቅሙ ይጨምራል፤ ሞገዱ በረዘመ ቁጥር ይቀንሳል።

በቦረና ወረዳ በኩል የዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ጎጃም ማዶ የሚመለከትን ሰው እናስብ። በቀን ብርሃን የዓይኑ ብሌን ቀዳዳ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ለ550 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃን ከላይ ያለው ስሌት በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት 1.1 ሜትር ያህል ይሰጣል። ነጭ ጋቢ ለብሰው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች ከዚህ ካነሰ ርቀት ላይ ከሆኑ ከማዶ አንድ ነጭ ነጥብ ይሆናሉ ማለት ነው። የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ የእጅ መነጽር ወሰኑን ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ያወርደዋል፤ ከዓይን 14 ጊዜ የተሻለ ነው። ይህን አቅም ለዓይን ለማድረስ 14 ጊዜ ያህል ማጉላት፣ ለምቾትም ጥቂት መጨመር ይበቃል። ያው ሌንስ 100 ጊዜ እንዲያጎላ ቢደረግ ግን የሚሰፋው ብዥታው ብቻ ነው። ይህም አየሩ ጥርት ያለ፣ እጁም የማይንቀጠቀጥ ከሆነ ነው።

የማይክሮስኮፕ ሕግም ከዚህ አይለይም። በየና ከተማ ከካርል ሳይስ ጋር ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ በ1873 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የማይክሮስኮፕን አቅም የሚወስነው ሌንሱ ከናሙናው የሚነሣውን ብርሃን በምን ያህል ሰፊ ማዕዘን እንደሚሰበስብ መሆኑን አስረዳ። ይህ ልክ ኑመሪካል አፐርቸር ይባላል። በኦብጀክቲቭ ሌንሱ አንገት ላይ ከማጉያው ቁጥር ጎን ተቀርጾ ይገኛል፤ ለምሳሌ 40/0.65 ወይም 100/1.25። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ቁጥር አንብበን ሁለተኛውን እናልፈዋለን። የመሣሪያው እውነተኛ አቅም የተጻፈው ግን በሁለተኛው ላይ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ብርሃን ናሙናውን አልፎ በሚታይበት ማይክሮስኮፕ ትንሹ የሚለይ ርቀት የሚገኘው የሞገዱ ርዝመት በ1.22 ተባዝቶ ለኦብጀክቲቩና ለኮንደንሰሩ ኑመሪካል አፐርቸር ድምር ሲካፈል ነው። የ100/1.25 ሌንስ ከ0.9 ኮንደንሰር ጋር በአረንጓዴ ብርሃን 310 ናኖሜትር ያህል ይለያል። አሥር ጊዜ የሚያጎላው የዓይን ሌንስ ወጥቶ ሃያ ጊዜ የሚያጎላ ቢተካ አጠቃላይ ማጉላቱ ከ1000 ወደ 2000 ይወጣል፤ የሚለየው ርቀት ግን እዚያው 310 ላይ ይቆያል። ከኑመሪካል አፐርቸሩ አንድ ሺህ እጥፍ፣ በዚህ ሌንስ ከ1250 ጊዜ ያለፈ ማጉላት ባዶ ማጉላት የሚባለውም ስለዚህ ነው። በሌላ በኩል የኮንደንሰሩ ዲያፍራም እስከ 0.3 ድረስ ቢዘጋ ርቀቱ ወደ 430 ናኖሜትር ይሰፋል፤ ከመቶው ሌንስ አቅም ከሩብ በላይ ሳይታወቅ ይባክናል። የኢመርሽን ዘይት ካልተጨመረም ሌንሱ ከአየር የሚቀበለው ብርሃን ከ1 የበለጠ ኑመሪካል አፐርቸር ሊኖረው ስለማይችል 1.25 የሚለው ጽሑፍ በሌንሱ ላይ የቀረ ጌጥ ይሆናል።

ጉዳዩ ወደ ጤና የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው። መካነ ሰላም ራሷ ደጋ ብትሆንም ወደ ዓባይ የሚወርደው ቆላ የወባ አገር ነው። ቀይ የደም ሴል ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ስለሚሰፋ እርሱን ለማየት ዲፍራክሽን አያስቸግርም። ችግሩ የሚመጣው በሴሉ ውስጥ ያለውን ቀጭን የጥገኛ ቀለበት፣ በቀለበቱ ላይ ያለችውን ነጥብ፣ በቫይቫክስ የተያዘ ሴል ላይ የሚታዩትንም ደቃቅ ነቁጦች ለይቶ በማየት ላይ ነው። በኢትዮጵያ ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም አሉ፤ ሕክምናቸው አንድ አይደለም፤ ቫይቫክስ በጉበት ተደብቆ ቆይቶ ያገረሻል። የምርመራው ጥራት በቀለሙና በባለሙያው ልምድም እንደሚወሰን አይካድም። ሆኖም ዲያፍራሙ በተዘጋ፣ ዘይቱ በተረሳ ማይክሮስኮፕ ፊት የተቀመጠ ሰው የቱንም ያህል ቢካን ወደ ዓይኑ ያልደረሰውን ዝርዝር ሊያነብ አይችልም።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ መከራከሪያ አለ። ኤሪክ ቤትዚግ፣ ሽቴፋን ሄልና ዊሊያም ሞርነር የ2014 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ይህን ወሰን የሚሻገር ማይክሮስኮፕ በማስገኘታቸው አይደለምን? እውነት ነው። ይሁን እንጂ የተሻገሩበት መንገድ የዚህን ጽሑፍ ነጥብ ያጠናክራል። ወሰኑን ያለፉት ማጉላትን በመጨመር አይደለም፤ ብርሃን የሚሰጡ ሞለኪውሎችን በተራ እያበሩና እያጠፉ፣ ተቀራራቢዎቹ በአንድ ጊዜ እንዳይታዩ በማድረግ ነው። ሕጉን በጥልቀት የተረዳ ነው መዞሪያውን ያገኘው። ብዙ ፒክሰል ያለው ካሜራ በማይክሮስኮፕ ላይ መግጠምም ቢሆን ሌንሱ ያላሳለፈውን ዝርዝር ከምንም አይፈጥርም።

ደጋው ለሥነ ፈለክ ምቹ ነው የሚለው አስተሳሰብም በዚሁ መነጽር ሊታይ ይገባል። በእንጦጦ የሥነ ፈለክ ማዕከል ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የአንድ ሜትር መስተዋት የዲፍራክሽን ወሰን በአረንጓዴ ብርሃን 0.14 አርክ ሰከንድ ያህል ነው። ከመሬት ሆኖ ለሚመለከት ግን የአየር መናወጥ ምስሉን አብዛኛውን ጊዜ እስከ አንድ አርክ ሰከንድ አካባቢ ያደበዝዘዋል። በዚህ ሥራ ቀድሞ የሚገድበው አየሩ እንጂ መስተዋቱ አይደለም፤ ስለዚህ ቦታ መምረጥ ትርጉም አለው። በማይክሮስኮፕ ግን ከፍታ አይረዳም፤ ገዳቢው ሌንሱና አያያዙ ነው። በመሣሪያ ላይ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ ያለበት «እዚህ የሚገድበን የትኛው ወሰን ነው?» የሚለው ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በመካነ ሰላም ግቢ ያለውን መቅደላ አምባን ጨምሮ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች የማይክሮስኮፕ ግዥ ዝርዝር ሲያወጡ የእያንዳንዱን ኦብጀክቲቭና የኮንደንሰሩን ኑመሪካል አፐርቸር በቁጥር ይጠይቁ፤ ከ1250 ጊዜ በላይ ማጉላትን እንደ ብልጫ አይቁጠሩ። ሁለተኛ፣ ማይክሮስኮፕ የሚነካ ተማሪ ሁሉ፣ የባዮሎጂም ይሁን የጤና፣ ዲፍራክሽንን በዓይኑ ይይ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የቀይ ሌዘር ጨረር 70 ማይክሮሜትር ውፍረት ባለው የፀጉር ዘለላ ላይ ሲያርፍ 2 ሜትር ርቆ ባለ ግድግዳ ላይ በ1.9 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚራራቁ ጨለማ መስመሮች ይታያሉ። ዲያፍራሙን ዘግቶና ከፍቶ አንዱን ናሙና ማነጻጸርም የአንድ ሰዓት ትምህርት ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ በማይክሮስኮፕ የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሥዕሉ በታች «100 ጊዜ የጎላ» ብሎ አይብቃው፤ ኑመሪካል አፐርቸሩንና የመጠን መስፈሪያውን መስመር ይጨምር። አንባቢው በሥዕሉ ላይ የሚያየው ዝርዝር እውነት ይሁን ብዥታ የሚፈርደው በእነዚህ ነው።

ከሦስቱ ሁለቱ አዲስ በጀት አይሹም፤ የመጀመሪያውም ያለውን በጀት በተገቢው ቁጥር ላይ ማዋል ብቻ ነው። የብርሃንን ሕግ በግዥ ልንለውጠው አንችልም፤ በሌንሱ አንገት ላይ የተቀረጸውን ሁለተኛ ቁጥር ማንበብ ግን ከነገ ጀምሮ እንችላለን።