ካሜራ ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ሰሞኑን በየመኝታ ክፍሉና በሻይ ቤቱ አንድ ክርክር ተደጋግሞ ይሰማል። ተመርቀን የመጀመሪያዎቹን ደመወዞች ስናጠራቅም ምን እንግዛ? የሚል ነው። ጥቂቶቻችን ካሜራ እንላለን። ካሜራ የምንለውም ብንሆን አንስማማም። አንዱ «ካሜራ ካሉት እንደ ሠርግ አንሺዎቹ ትልቅና አዲስ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሞባይል በኪስ እያለ ካሜራ ምን ሊሠራ!» ብሎ ያፌዛል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከሁለቱም ይለያል። በእኛ አቅምና በእኛ አገር፣ ለጉዞና ለትርፍ ጊዜ ፎቶግራፍ የሚሆነው ካሜራ ትንሽ፣ ያገለገለና ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ያለው ነው። ምክንያቱን በየተራ እንመልከት።

በመጀመሪያ፣ ነገሩ የቅንጦት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። በአገራችን ካሜራ ለረጅም ጊዜ የቤተ መንግሥትና የከተማ ፎቶ ቤት ዕቃ ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ያንኑ ሙያ ወርሰው በቤተ መንግሥት ሠርተዋል። በአሜሪካ ኮዳክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1900 ብራውኒ የተባለውን የካርቶን ካሜራ በ1 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ፣ ተራው ሰው የገዛ ቤተሰቡን ማንሣት ቻለ። እኛ ዘንድ ግን ርካሹ ካሜራ ገጠር ሳይደርስ ዘመን አለፈ። ውጤቱ ምንድን ነው? የነገሥታቱን መልክ እናውቃለን፤ የቅድመ አያቶቻችንን መልክ ግን አናውቅም። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናት፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ሳይቀሩ በልጅነታቸው ተምረውባታል። ታዲያ ከዚያ ጉባኤ ቤት ያለፉት መምህራን የስንቶቹ መልክ በፎቶ ተይዞ ይገኛል? ነገ መንገድ ወዳልደረሰበት ቀበሌ የምንመደበው እኛ መምህራን ነን። እኛ ካላነሣነው ማን መጥቶ ያነሣዋል?

«ሞባይል ይበቃል» የሚሉት ወገኖች ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። በጠራ ፀሐይ ለተነሣና በሞባይል ላይ ብቻ ለሚታይ ፎቶ፣ እውነትም ይበቃል። እንዲያውም ካሜራ ያማረው ሰው አስቀድሞ ሦስት ወር ያህል በያዘው ሞባይል ይለማመድ። በሞባይል ለማንሣት ከአልጋው ያልተነሣ፣ ካሜራ ስለገዛ አይነሣም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው። የሞባይል አቅም የሚያጥረው ግን እኛ በምንፈልገው ቦታ ላይ ነው፤ በጨለማ ጎጆ ውስጥ፣ ከገደል ማዶ ላለ ነገር፣ ለሚሮጥ ልጅና በትልቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሥዕል።

አሁን ወደ ካሜራዎቹ እንግባ። በተለመደው ትልቅ ካሜራ ሆድ ውስጥ መስተዋት አለ፤ በሌንሱ የገባውን ብርሃን ወደ ዓይናችን የሚመልሰው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ፓናሶኒክ መስተዋቱን አውጥቶ ሌንሱ ግን የሚቀያየር ካሜራ ለገበያ አቀረበ። «ሚረርለስ» ወይም መስተዋት አልባ የሚባለው ይህ ዓይነቱ ነው። አካሉ ቀጠን፣ ክብደቱም ቀለል ይላል። ሌንሱ የማይነቀለውና ኪስ የሚገባው ደግሞ ኮምፓክት ይባላል።

ሻጭ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው የሜጋፒክስል ቁጥር ነው። በዚህ አትታለሉ። በፎቶ ቤት የሚታተመው 10 በ15 ሳንቲሜትር ፎቶ ጥርት ብሎ ለመታተም 2 ሜጋፒክስል ያህል ይበቃዋል፤ ባለ ኤ 4 ወረቀቱም ከ9 አይበልጥም። ዋናው ጥያቄ ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ፣ ማለትም ሴንሰሩ፣ ምን ያህል ይሰፋል? የሚለው ነው። በርካሽ ኮምፓክቶች ውስጥ ያለው 6 በ4.6 ሚሊሜትር ያህል ነው። «አንድ ኢንች» የሚባለው 13.2 በ8.8 ሲሆን፣ በብዙዎቹ መስተዋት አልባዎች ውስጥ ያለው ደግሞ 23.5 በ15.6 ያህል ነው፤ ስፋቱ የመጀመሪያውን 13 ጊዜ ያህል ያጥፋል። ዝናብ ለማጠራቀም ጣሳ ከማስቀመጥና በርሜል ከማስቀመጥ የትኛው እንደሚሻል ለጎጃም ሰው አይነገርም።

ሁለተኛው የሌንሱ ቀዳዳ ነው። በሌንሱ አፍ ዙሪያ ከተጻፉት ቁጥሮች መካከል «ኤፍ» የሚባለው ትንሽ በሆነ መጠን ቀዳዳው ሰፊ ነው። ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ከኤፍ 5.6 ይልቅ 10 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። በአንዲት ትንሽ መስኮት ብርሃን የሚያስተምሩ የኔታን ያለ ፍላሽ ለማንሣት የሚያስችለው ይህ ልዩነት ነው። ፍላሽ እኮ ሰውን ያስደነግጣል፤ የጎጆውንም መልክ ያጠፋል።

ሦስተኛው የጋቢ ጉዳይ ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ዓለም ሁሉ ግራጫ ይመስለዋል። ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ፊቱ ሲቀርብ «ብርሃን በዛ» ብሎ ሥዕሉን ያጨልመዋል። ጋቢው አመድ፣ የሰውየው ፊት ደግሞ ከሰል ይሆናል። መድኃኒቱ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ማስተካከያ ወደ መደመር አንድ ደረጃ መግፋት ነው። በሱባኤም በበዓልም ነጭ በሚለበስበት አገር ይህ ማስተካከያ የሌለውን ካሜራ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

አራተኛው መብራት ነው። ኒኮን ዲ 3500 የተባለው ባለ መስተዋት ካሜራ በአንድ ሙሌት 1,550 ፎቶ እንደሚያነሣ ፋብሪካው ይገልጻል። መስተዋት አልባው ሶኒ ኤ 6000 ግን 360 ያህል ብቻ ነው። ይህን ሰምታችሁ ወደ ኒኮኑ አትሩጡ። ኤ 6000 በሞባይል ዓይነት ገመድ ይሞላል፤ ስለዚህ ከፓወር ባንክም ሆነ ከሶላር ነፍስ ይዘራል። ዲ 3500 ግን የራሱን ቻርጀርና የግድግዳ ሶኬት ይፈልጋል። መብራት በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ቦታ የቱ ያዋጣል? መልሱን የምደባ ቦታችሁ ይነግራችኋል።

አምስተኛው አቧራና እግር ነው። በጤፍ ውቂያ አውድማ ላይ ሌንስ የሚነቅል ሰው ሴንሰሩን ገለባ ያበላዋል። ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ለሚወርድ እግረኛም እያንዳንዱ ግራም ሲመለስ ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ካሜራ፣ አንድ ሌንስ ይበቃል። ፈረንሳዊው ሄንሪ ካርትዬ ብሬሶን በዓለም ዝናን ያተረፈው በአብዛኛው በአንዲት ትንሽ ላይካና በአንድ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው።

እንግዲህ በስም እንጥራ ከተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሶኒ አርኤክስ 100 ባለ አንድ ኢንች ሴንሰር፣ 240 ግራም የሚመዝንና በሰፊው በኩል ኤፍ 1.8 የሚከፍት ኮምፓክት ነው። እሱም በገመድ ይሞላል። ሌንስ መቀየር ለሚሻ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ኤ 6000 ዛሬም የሚያኮራ ነው። ካኖን ኤም 50 ጥሩ ካሜራ ቢሆንም ኩባንያው ያንን የኤም ዘር እ.ኤ.አ. በ2023 አቁሞታል፤ ስለዚህ የምትፈልጉትን ሌንስ አብራችሁ ካላገኛችሁ አትግዙት። አዲስ ለሚሉት ደግሞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር በላይ መውጣቱን አስታውሱ። ካሜራ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። ለእሱ ብሎ መበደር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ያገለገለ ስትገዙ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና ዓይናችሁን ክፈቱ። ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ መኖር አለመኖሩን እዩ። ቀዳዳውን ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ባዶ ሰማይ አንሡ፤ በሥዕሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ቆሽሿል። ባትሪው ማበጥ አለማበጡን ፈትሹ። ቁልፎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ተጫኑ። ደረሰኝ ወይም የሻጩ ማንነት ከሌለ፣ የተሰረቀ ሊሆን ይችላልና ተዉት።

በጀቱንም ከፋፍሉ። 10 ብር ካላችሁ ከ6 ብር በላይ ለካሜራው አታውጡ። ሁለቱ ለትርፍ ባትሪ፣ ለሜሞሪ ካርድና ለቦርሳ ይሁን። የቀሩት ሁለቱስ? ለማሳተሚያ! ይህን የምለው በቁም ነገር ነው። ከገበሬው ቤት ፎቶ አንሥቶ ሄዶ በዚያው የሚጠፋ እንግዳ ሞልቷል። «ትልክልኛለህ?» ብለው የጠየቁ እናት ዓመት ሙሉ ይጠብቃሉ። መምህር ግን እንግዳ አይደለም፤ ሰኞ ልጃቸውን የሚያስተምር ሰው ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ፈቃድ እንጠይቅ፤ ካነሣን በኋላም ፎቶውን አሳትመን በእጃቸው እንስጥ። ጊዜው ጥንቃቄ የሚሻ በመሆኑም ኬላ፣ ድልድይና የታጠቀ ሰው ባለበት ካሜራው ከቦርሳ አይውጣ። ከነፍስ የሚበልጥ ሥዕል የለም።

ወንድሞቼና እህቶቼ ሠልጣኞች! ትልቅ ካሜራ በአንገት ማንጠልጠል ያምር ይሆናል። ነገር ግን ከባድ ነው፣ ባትሪው አልቋል፣ ይሰረቅብኛል እየተባለ ሳጥን ውስጥ የሚከርም ካሜራ ከጌጥ አያልፍም። ጥሩ ካሜራ ማለት ከጠመኔውና ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር በአንድ ቦርሳ ገብቶ በየቀኑ አብሮን የሚሄደው ነው። ምርጫችን ይህን ያገናዘበ ከሆነ፣ ከ30 ዓመት በኋላ በየቀበሌው ቤት ግድግዳ ላይ የአያቶች መልክ ተሰቅሎ ይገኛል። ይህ ደግሞ ከማስተማር ሥራችን የተለየ አይደለም።