ለባሕር የሚመሰክር ዛጎል



በመድረሳ የጦሃራን ምዕራፍ የቀራ ሁሉ ውኃ የሚፈተንባቸውን ሦስት ነገሮች ያስታውሳል፤ ቀለሙን፣ ጣዕሙንና ሽታውን። በዘመናዊው ትምህርት ቤትም ንጹሕ ውኃ ቀለም፣ ጣዕምና ሽታ የለውም ተብለን ተምረናል። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በአንድ ቃል መገናኘታቸው ደስ ያሰኘናል። የፊቅሁ ሚዛን ውኃው ለዉዱእ መብቃቱን ለማወቅ የተሰጠ ነው፤ ለዚያም ይበቃል። የጤና ጉዳይ ግን ሌላ ምርመራ ይጠይቃል። ሦስቱንም ሳይለውጥ ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ጎጂ ነገር አለና። ከነዚህ አንዱ የነዳጅ ርዝራዥ ነው። ዓይን ካላየው፣ ምላስ ካልቀመሰው፣ አፍንጫ ካላሸተተው ታዲያ ማን ይመስክርበት?

መጋቢት 15 ቀን 1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1989)፣ በሂጅራ አቆጣጠር በ1409 የሻዕባን ወር፣ ኤክሰን ቫልዲዝ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ በአላስካ ፕሪንስ ዊልያም ሳውንድ በሚባለው ወሽመጥ ከውኃ በታች ካለ ዓለት ጋር ተጋጨች። ወደ 41 ሚሊዮን ሊትር ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ፤ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የባሕር ዳርቻም አዳረሰ። በሞቃት አገር ቢሆን ፀሐይ ብዙውን ባተነነው፣ ረቂቅ ተሕዋስያንም ቶሎ በበሉት ነበር። በቀዝቃዛ ባሕር ሁለቱም ሥራቸው ይዘገያል። አጽጂዎች መጥተው ዳርቻውን በግፊት በሚረጭ ሙቅ ውኃ ሲያጥቡ ደግሞ ከነዳጁ ተርፎ የነበረውን ሕይወት ብዙውን ገደሉት። ሙሰል የተባለው ዛጎል ለበስ እንስሳ ተጠጋግቶ የሚኖርበትን ቦታ ግን እንዳይጎዳ ብለው ሳያጥቡ ተዉት። ከጊዜ በኋላ ሲመረመር ከሙሰሎቹ ሥር ባለው አሸዋ ነዳጁ ብዙም ሳይለወጥ ለዓመታት ተቀምጦ ተገኘ።

ሙሰል በሁለት ክዳን ዛጎል የተሸፈነ፣ ከጣት እምብዛም የማይበልጥ ፍጡር ነው። ከራሱ በሚያወጣው ጠንካራ ክር ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ምግቡን ፍለጋ አይሄድም፤ የባሕሩን ውኃ እየሳበ በውስጡ ያሳልፍና ደቃቁን ምግብ አጥልሎ ያስቀራል። በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ሊያጠል ይችላል። በውኃው ውስጥ ነዳጅ ካለ ከምግቡ ጋር ይገባና በሥጋው ስብ ውስጥ ይከማቻል። ዓሣም ይህንኑ ውኃ ይኖርበታል፤ ነገር ግን ዓሣ ይዋኛል፣ ጉበቱም የነዳጁን መርዝ ሰባብሮ ያስወግዳል። ስለዚህ የዓሣን ሥጋ መርምሮ የት ቦታ ምን እንደገባበት መናገር ያስቸግራል። ሙሰል ግን ከቦታው አይነቃነቅም፣ መርዙን የመሰባበር አቅሙም ደካማ ነው። ይህ ድካሙ ነው ለምስክርነት ያበቃው።

በጠርሙስ የተቀዳ ውኃ የዚያችን ደቂቃ ብቻ ይናገራል። ነዳጁ ትናንት ፈስሶ ዛሬ ማዕበል ወስዶት ከሆነ ጠርሙሱ ንጹሕ ነው ይላል። ሙሰል ያለፉትን ሳምንታት ይዞ ይቆያል። ንጹሕ ውኃ ሲያገኝ ደግሞ ቀስ በቀስ ያወጣዋልና፣ በየጊዜው ተለቅሞ ሲመረመር ብክለቱ እየቀነሰ ወይም እየጨመረ መሆኑ ይታወቃል። የኬሚስትሪ ባለሙያዎች በሥጋው ውስጥ ያሉትን ውሁዶች ዓይነትና መጠን አወዳድረው ከድፍድፍ ነዳጅ ይሁን ከጀልባ ናፍጣ ወይስ ከተቃጠለ እንጨት ጥላሸት የመጣ መሆኑን ብዙ ጊዜ ይለያሉ። ኤድዋርድ ጎልድበርግ የተባሉት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1975 ዓለም ባሕሩን በሙሰል እንዲጠብቅ ሐሳብ አቀረቡ፤ አሜሪካም ከ1986 ጀምሮ በዳርቻዎቿ ሁሉ ሥራ ላይ አዋለችው።

ለወሽመጡ ነባር ሕዝቦች ግን ነገሩ የማዕድ ጉዳይ ነበር። ታቲትሌክና ቼኔጋ ቤይ በሚባሉት መንደሮች ቤተሰብ የሚኖረው ከባሕር በሚያገኘው ነው። ምግቡ ሲመረመር ዓሣው በአብዛኛው ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ ነዳጅ ከነካው ዳርቻ የሚለቀም ዛጎል ለበስ ግን እንዳይበላ ተመከረ። ጥሩ ምስክር የሆነበት ምክንያት ለምግብነት የማይሆንበትም ምክንያት ነው። (ይበላል አይበላም የሚለው የመዝሀብ ጥያቄ ሌላ ነው፤ እኛ የምንከተለው የሻፊዒ መዝሀብ በባሕር እንስሳት ሰፋ ያለ ሲሆን ሐነፊዎች ከዓሣ አያልፉም።)

የምናደንቀው ሌላም ነገር አለ። ከአደጋው በኋላ ዓሣ አጥማጆችና የመንደር ነዋሪዎች የተወከሉበት ምክር ቤት ተቋቋመ። ገንዘቡ ከነዳጅ ኩባንያዎች ይመጣል፤ ሙሰሉን የሚያስለቅመውና የሚያስመረምረው ግን ምክር ቤቱ ራሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮም አላቋረጠም። ምስክሩን የሚጠይቀው ተከሳሹ ቢሆን ኖሮ ቃሉን ማን ያምን ነበር?

እኛ ዳር ያለነው ምን አገባን እንዳይባል፣ የምናነደው ነዳጅ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ጅቡቲ የሚደርስ ነው። በየመን ሁደይዳ አጠገብ ለዓመታት ያለ ጥገና የቆመችው ሴፈር የተባለች መርከብ ኤክሰን ቫልዲዝ ካፈሰሰችው አራት እጥፍ የሚሆን ነዳጅ ይዛ ነበር። አልሐምዱ ሊላህ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 2023) በተባበሩት መንግሥታት አማካይነት ነዳጁ ወደ ሌላ መርከብ ተገልብጦ አለቀ።

በወንዞቻችን ደግሞ የአዲስ አበባና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ምስክር ሲጠይቁ ቆይተዋል፤ በድንጋይ ሥር የሚኖሩትን ጥቃቅን የውኃ ነፍሳት። ንጹሕ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ሲገለበጥ ብዙ ዓይነት እጭ ይታያል። የአቃቂ ወንዝ አዲስ አበባን አቋርጦ ሲወጣ ግን የሚቀሩት ጥቂት ቻዮች ናቸው፤ ከነሱም በጣም የታወቀው አየር ባነሰው ጭቃ ውስጥ መኖር የሚችለው ቀይ ትል መሰል እጭ ነው። እነዚህ ወንዙ መታመሙን ይናገራሉ፤ ያሳመመው ነዳጅ ይሁን የቆዳ ፋብሪካ ወይስ የሽንት ቤት ፍሳሽ ለይተው አይነግሩንም። በዚህ በኩል ሙሰል ይበልጣቸዋል።

በሐረርም በየጋራዡ የሚደፋው የተቃጠለ ዘይት፣ በክረምት ኩሬ ላይ ቀስተ ደመና እየመሰለ፣ ከጎርፉ ጋር ወደ ቆላው ይወርዳል። ከታች ያለው ገበሬ በዚያ ውኃ ሰላጣና ካሮት ያጠጣል። የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበቦች ከጋራዦች በላይና በታች ካለው ጅረት አሥር አሥር ድንጋይ ገልብጠው ያገኙትን የነፍሳት ዓይነት በደብተር ቢመዘግቡ፣ በዓመት ሦስት ጊዜም ቢደግሙት፣ ወጪው ነጭ ሳሕንና ወንፊት ብቻ ነው። ልጆቹ ቦቲ ጫማና ጓንት ያድርጉ፤ ቀንድ አውጣ ባለበት ውኃ ቢልሃርዚያ ሊኖር ይችላልና።