ልምድ ደሞዝ አይሆንም

እህቶች፣ አገር ቤት «ኢንተርንሺፕ» የሚሉትን ነገር የምንከፍለው እኛ ነን።

ታናሽ እህቴ የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። ዘንድሮ ክረምት አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ሁለት ወር ሠራች። ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:00 ደረሰኝ ስትመዘግብ፣ ፋይል ስታደራጅ፣ እረፍት የወጣ ሠራተኛ ቦታ ስትሸፍን ከረመች። የተከፈላት? «ልምድ»። ታክሲዋንና ምሳዋን የቻልኩት እኔ ነኝ፤ ቤይሩት ሰው ቤት እየወለወልኩ። ታዲያ ድርጅቱን እየደጎምኩት አይደለም ወይ?

«እየተማረች ነው» ይላሉ። እኛንም «ገና አልለመድሽም» እያሉ የመጀመሪያ ወራት ደሞዛችንን የያዙብን ማዳሞች ስንት ናቸው! ቃሉ ያው ነው።

ሕጉም ጎን ለጎን አስቀምጦናል። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011፣ አንቀጽ 3 ላይ፣ ከለማጅ ሠራተኛ በቀር የሥልጠና ውልን፣ እንዲሁም እንደ ቤት ሠራተኝነት ያለውን የግል አገልግሎት ከአዋጁ ውጭ ያደርጋል። እዚህም እ.ኤ.አ. የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ፣ አንቀጽ 7፣ የቤት ሠራተኛን አያውቃትም።

ስለዚህ ዝም ብለን ብር አንላክ። እንጠይቃቸው፦ ውል አለሽ? ትራንስፖርትሽን ማን ይችላል? የምትሠሪው ትምህርት ነው ወይስ የሌላ ሰው ሥራ? የሰው ሥራ ከሆነ ደሞዙን ይክፈሉ።

ልምድማ እኛም ሞልቶናል፤ በልምድ የቤት ኪራይ የተቀበለን አከራይ ግን እስካሁን አላየንም።