የገና አባትና የልጆቻችን ጥያቄ

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር በለገጣፎና በለገዳዲ ካሉ የግል ኬጂዎች አንዳንዶቹ ለወላጅ ወረቀት ይልካሉ። ለልጃችሁ ስጦታ ግዙ፤ ጠቅልሉት፤ የልጁን ስም ጻፉበት፤ እሱ ሳያይ ለሚሷ አስረክቡ ይላል። በዓሉ ሊደርስ ሲል ቀይ ካፖርት የለበሰ፣ የጥጥ ጢም ያደረገ ሰው ይመጣል። ከጆንያው እያወጣ በየስማቸው ያድላቸዋል። ልጆቹ ስጦታው ከገና አባት እንደመጣ ይነገራቸዋል። የመጣላቸውም ዓመቱን ሙሉ ጎበዝና ታዛዥ ስለነበሩ ነው ይባላሉ።

እኔም ይህ ወረቀት ቤቴ የሚገባ ወላጅ ነኝ። ብዙ ጎረቤቶቼ ነገሩን የልጆች ደስታ አድርገው ያዩታል፤ «ምን አለበት?» ይላሉ። እኔ ግን አለበት ባይ ነኝ። የምቃወመው ከውጭ ስለመጣ አይደለም። በለገዳዲ ታኅሣሥ ውርጭ እንጂ በረዶ እንደሌለ፣ ጥጥ የተነሰነሰበት የፕላስቲክ ዛፍም ከአውድማና ከጭድ ወር ጋር እንደማይስማማ አውቃለሁ፤ ይህ ግን የጌጥ ጉዳይ ነው፤ በጌጥ አልጣላም። የምጣላው ልጁ ከሚነገረው ነገር ጋር ነው።

ለገና አባት መነሻ የሆነው ባለታሪክ ራሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኒቆላዎስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ ቱርክ በምንላት አገር፣ የሜራ ከተማ ጳጳስ ነበር። የእኛም ስንክሳር ታኅሣሥ 10 ቀን ያስበዋል። በታሪኩ እንደሚነገረው አንድ ሰው ደህይቶ ሦስት ሴት ልጆቹን መዳር ቢያቅተው፣ ክብራቸውን ወደሚያጡበት ኑሮ ሊሰዳቸው ደርሶ ነበር። ኒቆላዎስም በሌሊት እየሄደ ወርቅ የያዘ ከረጢት ወደ ቤታቸው ጣለላቸው። የሰጣቸው ስለቸገራቸው ነው፤ ጎበዝ መሆን አለመሆናቸውን አልጠየቀም። በኋላ አሜሪካኖች መልኩን ለወጡት። እ.ኤ.አ. በ1823 የታተመ አንድ ግጥም ስምንት አጋዘኖች ሰጠው፤ ከ1863 ጀምሮ ቶማስ ናስት የተባለ ሠዓሊ በመጽሔት እየሣለ ቅርጽ አወጣለት፤ ከ1931 ወዲህ ደግሞ የኮካ ኮላ ማስታወቂያ ዛሬ የምናውቀውን ቀይ ለባሽ ፊቱን በዓለም ዙሪያ አስለመደው። በዚህ ሁሉ መሐል ድሃውን ፈልጎ የሚሄደው ጳጳስ ጎበዙን መርጦ የሚሸልም ሽማግሌ ሆነ። ለእኔ ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው።

ለገዳዲን የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። በአንድ በኩል በአጥር የተከለለ ሪል እስቴት አለ፤ በሌላ በኩል የጭቃ ቤትና የኪራይ ክፍል አለ። የኮንትራክተሩ ልጅና የጥበቃ ሠራተኛው ልጅ አንዳንዴ አንድ ኬጂ ይገባሉ፤ ጥበቃው ከአፉ ቀንሶ ይከፍላል። የስጦታው ቀን ሲደርስ አንዱ ከጆንያው ውስጥ ባለሪሞት መኪና ይወጣለታል፤ ለሌላው ስድስት ባለቀለም እርሳስ። እርሳሱን አባቱ እንደገዛለት ቢነገረው ልጁ ነገሩን ይረዳዋል፤ የአምስት ዓመት ልጅ አባቱ ምን እንዳለውና ምን እንደሌለው ከምናስበው በላይ ያውቃል። እንዲያውም ይኮራበታል። ሁሉን የሚያውቅ፣ ሁሉ ያለው፣ ለልጅ እንደ ጠባዩ የሚሰጥ ሽማግሌ ነው የሰጠህ ከተባለ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረዋል፤ ምን አጥፍቼ ነው? የአባቱ ድህነት የእሱ ጥፋት ይሆናል። የአባትየው ልፋት ደግሞ ለጥጥ ጢም ይሰጣል። የወሩን ወጪ ቆጥቦ ያንን እርሳስ የገዛ ሰው በር ላይ ቆሞ ልጁ ሌላውን ሲያመሰግን ያያል።

«ለጥሩ ልጅ ይሰጠዋል» የሚለው ትምህርት ከስጦታ ቀን አልፎ ይሄዳል። በየካቲት 2011 እዚሁ ለገጣፎ ለገዳዲ ቤቶች በግሬደር ሲፈርሱ ከነቤተሰባቸው ከነዕቃቸው ሜዳ ላይ የወደቁ ልጆች ነበሩ። ጥሩ የሆነ ያገኛል፣ ያላገኘም ጥሩ አልነበረም ተብሎ ያደገ ልጅ እንዲህ ያለውን ቀን በምን ሊረዳው ይችላል?

ልጅ ተረት አይነገረው እያልኩ እንዳልሆነ ይያዝልኝ። ተረት የሌለበት ልጅነት አልመኝም። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርት ዓመታት ተረት ሲያወሩልን አድገናል፤ በ2009 ሲያርፉ በእንባ የሸኛቸው በእሳቸው ተረት ያደገ ትውልድ ነው። የእኛ ተረት ግን በር አለው። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ውስጥ መግባቱን ያውቃል። አያ ጅቦ ይናገራል፣ ጦጢት ታታልላለች፣ ማንም አይደነግጥም። ሲያልቅ ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይባልና ሁሉም ይወጣል። ልጁ ሳቁንም ፍርሃቱንም እዚያው ትቶ ወደ ራቱ ይመጣል፤ የነገረው ሰውም አላታለለውም። የገና አባትንም በዚህ በር አስገብቶ መንገር ይቻላል፤ እኔ እንደዚያ ነው የምነግረው። ኬጂው የሚያደርገው ግን በሩን መንቀል ነው። ሰው ያለብሳል፣ ጆንያ ያሸክማል፣ ወላጅ በምስጢር ያስተባብራል፤ ልጁ የሚያየውን እንዲያምን ማስረጃ ይደረደርለታል።

ልጆች ደግሞ ማስረጃ ይመዝናሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዣክሊን ዉሊ የተባለች የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር አንድ ጥናት አሳተመች። ከዚያ በፊት ማንም ሰምቶት የማያውቅ ገጸ ባሕርይ ፈጠሩ፤ በሌሊት መጥታ የልጆችን ከረሜላ ወስዳ በምትኩ መጫወቻ የምታስቀምጥ ጠንቋይ። ለትንንሽ ልጆች ነገሯቸው። ከወላጆቹም ከፊሎቹ በሌሊት ከረሜላውን አንሥተው መጫወቻ አኖሩ። ከትንንሾቹ መካከል በዕድሜ ከፍ ካሉት፣ ጠንቋይዋ «የጎበኘቻቸው» ልጆች ካልተጎበኙት ይልቅ መኖሯን አምነው ተገኙ። ይህን ሳነብ የልጆቹ የዋህነት አልታየኝም። የታየኝ ይህ ነው፤ ጠዋት ተነሥተው መጫወቻ አገኙ፣ የሚያምኑት ሰው ነገራቸው፣ ሁለቱን ደምረው ደመደሙ። ማንኛውም አዋቂ የሚያስበው እንደዚሁ ነው። ጉድለቱ በማስረጃው እንጂ በልጆቹ አእምሮ አልነበረም፤ ማስረጃውን ያበላሸነው እኛ ነን።

በቀጥታ የሚጠይቁ ልጆችም አሉ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 1897 የኒውዮርኩ «ሰን» ጋዜጣ ለአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ መልስ አትሟል። ልጅቷ ጓደኞቿ የገና አባት የለም እንዳሏት፣ አባቷ ደግሞ ጋዜጣው ካለው እውነት ነው እንዳላት ጽፋ፣ እውነቱን እንዲነግሯት ለምና ነበር። ፍራንሲስ ቸርች የተባለው አዘጋጅ አለ ብሎ መለሰላት፤ ፍቅርና ልግስና እንዳሉ ሁሉ እሱም አለ ማለቱ ነበር። ያ ጽሑፍ በአሜሪካ ጋዜጦች ታሪክ ተደጋግመው ከታተሙት አንዱ ሆኗል። እኔ በጋዜጣ የምጽፍ ሰው እንደመሆኔ ሳነበው ቅር ይለኛል። ውበቱን አልክድም። ሕፃኗ ግን ላመነችው ጋዜጣ ያቀረበችው ቀጥተኛ ጥያቄ ነበር፤ የተሰጣት ለአዋቂዎች የሚጥም መልስ ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ሃይማኖትስ?» የሚል ይኖራል። በአዲስ አበባም በዙሪያዋም ካሉ ወጣት ወላጆች አንዳንዶቹ «ልጄ አድጎ ራሱ ይምረጥ፤ እስከዚያ ምንም አልነግረውም» ሲሉ እሰማለሁ። አከብራቸዋለሁ፤ አልስማማም። ወንዱ በ40 ቀኑ ሴቷ በ80 ቀኗ የሚጠመቁበት፣ ለተወለደ ሕፃን ጆሮ ላይ አዛን የሚባልበት አገር ነው። ልጁ ሌሊት ቅዳሴ ይሰማል፣ ንጋት ላይ አዛን፣ እሑድ ከቸርች መዝሙር፤ በመስከረም ማለቂያም ጎረቤቱ ነጭ ለብሶ ለእሬቻ ሲወጣ ያያል። ይጠይቃል። ዝም ያለው ወላጅ ልጁን ነጻ አላደረገውም፤ መልሱን ለመንገድ ሰጠው እንጂ።

በእምነትና በጥጥ ጢሙ መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ ግልጽ ነው። ስለ አምላክ የምትነግር እናት የምታምነውን ትናገራለች፤ ራሷ ትጾምበታለች፣ ትጸልይበታለች፣ ስታዝን ትደገፍበታለች። ስለ ገና አባት እንደ እውነት የሚነግር ወላጅ ግን እየተናገረ ሳለ እንደሌለ ያውቃል። የመጀመሪያዋ ልጇን ወደ ሕይወቷ ጠራችው። ሁለተኛው ግን አንድ ቀን ሊታወቅበት የሚችል ነገር ከልጁ ደበቀ። ሕጉም ለወላጅ ቦታ ሰጥቷል፤ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 27 ወላጆች በእምነታቸው መሠረት ልጆቻቸውን የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ እምነቱ የቤት ነው፤ ሙስሊሙንም፣ ጴንጤውንም፣ የይሖዋ ምስክሩንም ልጅ በአንድ ክፍል የያዘ ኬጂ ማንንም ሳያማክር ለሁሉም የገና አባት ማምጣቱ ከዚህ ጋር አይገጥምም።

ሆኖም እኛ አማኞችም ልጆቻችንን የምንበድልበት መንገድ አለን፤ ከኬጂው አይሻልም። ምግብ የተወ ልጅ «እግዜር ይቆጣሃል» ይባላል። እህቱን የመታ «እሳት ውስጥ ይከትሃል» ይባላል። አልተኛ ያለ አያ ጅቦ ይመጣበታል፤ ያውም ከተረቱ በር ውጭ። ፈጣሪን የቤት ፖሊስ አድርገን ስንሾም ልጁ የሚማረው መፍራትን ነው፤ ፍርሃቱ የለቀቀው ቀን እምነቱም አብሮ ይለቃል። ፈተና የወደቀ፣ አባቱ የሞተበት፣ ቤቱ የፈረሰበት ልጅም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ምን አጥፍቼ ነው? ጆንያውም ቅጣቱም ልጁን የሚያደርሱት አንድ ቦታ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከግቢ ጎረቤት ይነሣል። «ፋጡማ ገናን ስለማትጾም መንግሥተ ሰማያት አትገባም?» ይህ ጥያቄ ለሚመጣባቸው ወላጆች የምለው አለኝ። እኛ እንዲህ እናምናለን፤ የፋጡማ ቤት እንዲህ ያምናሉ፤ እነሱም ይጸልያሉ፤ ፍርዱ የእኛ አይደለም በሉ። የማታውቁትንም አላውቅም በሉ። ልጅ ወላጁ አላውቅም ሲል መሠረቱ አይናጋበትም። እንደተዋሸ ሲገባው ነው የሚናጋው። የተባበሩት መንግሥታት የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 14 ወላጅ ልጁን እንደ አቅሙ እድገት እንዲመራው ይላል፤ አገራችንም የተቀበለችው ነው። በአራት ዓመቱ ሻማ ማብራት፣ በሰባት ዓመቱ ታሪኩን፣ በአሥራ አራት ዓመቱ ክርክሩን ማለት ነው ብዬ እወስደዋለሁ።

ገና ለዚህ ከበቂ በላይ አለው። ኅዳር 15 የሚጀምር ጾም አለ፤ ልጁ አዋቂዎች ስለምን ከሥጋና ከቅቤ እንደተለዩ ይጠይቅ። ላሊበላ ላይ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከላይና ከታች ቆመው «ቤዛ ኩሉ» ሲዘምሩ በቴሌቪዥን አሳዩት። ሜዳ ይዛችሁት ውጡና በቆልማማ ዱላ ሩር እንዴት እንደሚመታ አሳዩት፤ እረኞች የጌታን ልደት ሰምተው በዱላቸው ተጫወቱ ይባላል ብላችሁ ንገሩት፤ ይባላል ማለቱን አትተዉ። በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ ልጁ «ጌታ ልደቱን ቀየረ?» ቢላችሁ አታልፉት። ከዚያ በፊት ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች፣ ከመጋቢት 29ኙ ፅንሰት እስከ ልደቱ ያለው የቀን ቁጥር እንዳይዛባ አባቶች አንድ ቀን መለሱት በሉት። ደብተር አምጥታችሁ አብራችሁ ቁጠሩ። ጥያቄው የተከበረለት ልጅ ነገም እናንተ ዘንድ ይመጣል።

እናንተ በዚህ ሰሞን ለኬጂው ስጦታ የምትጠቀልሉ ወላጆች፣ ከልጃችሁ ስም ሥር የራሳችሁን ስም ጻፉበት። ከእማዬና ከአባዬ በሉት። ሚሷም ስታድል ጮክ ብላ እንድታነበው ጠይቋት።