ከግዙፎቹ ተረት ጀርባ፦ የሐርላ ጥንታዊ ከተማ

በፍራንክፈርት ባንሆፍስፊርቴል በተባለው ሰፈር የሚመላለስ መንገደኛ፣ የሚረግጠው መሬት ቀድሞ የባቡር ሐዲድ የተዘረጋበት እንደ ነበር እምብዛም አያስብም። እ.ኤ.አ. በ1888 ዋናው ባቡር ጣቢያ ወደ ምዕራብ ራቅ ብሎ ሲከፈት፣ አሮጌዎቹ ጣቢያዎች የለቀቁት ቦታ ለዛሬው ሰፈር መነሻ ሆነ። ድሬዳዋም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በባቡር መስመር ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሆኖም ባቡሩ ከመምጣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ ከድሬዳዋ ብዙም ሳይርቅ ሌላ የንግድ ከተማ ለምልማ ጠፍታለች፤ እርሷም ሐርላ ናት።

የአካባቢው ነዋሪዎች የሸክላ ስብርባሪና የሩቅ አገር ሳንቲም ለዓመታት ሲያገኙ ኖረዋል። የግንቡን ድንጋዮች ትልቅነት አይተውም ከተማዋን የሠሯት ግዙፍ ሰዎች ናቸው ይሉ ነበር። በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የተመራው ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ያካሄደው ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሲሆን ሌላ ታሪክ ተገለጠ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ ሥራ ቅሪት፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲም፣ ከየመን፣ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ተገኙ። በመቃብሮቹ ያረፉትም እንደ ማንኛውም ሰው ያለ ቁመት ያላቸው ነበሩ።

ተረቱ ግን ከንቱ አልነበረም። ቦታው ተራ የእርሻ ማሳ አለመሆኑን ለትውልድ ያስተላለፈው እርሱ ነውና።

በእንግሊዝ ዮርክሻየር የሚገኘው ዋረም ፐርሲ የተባለው ጠፍ መንደር ከ1950 እስከ 1990 በየበጋው ተቆፍሯል። መንደሩን ወረርሽኝ አጠፋው የሚል ግምት ቢኖርም፣ ጥናቱ ያሳየው የመጨረሻዎቹ ገበሬዎች ለበግ ግጦሽ ሲባል መፈናቀላቸውን ነው። ለአንድ የገበሬ መንደር 40 ዓመት መስጠት ብክነት ተብሎ አልታየም።

በኢትዮጵያ የአክሱም ሐውልቶችና የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ክብር ይገባቸዋል። የነጋዴው፣ የአንጥረኛውና የገበሬው ታሪክ ግን ያለው በእንዲህ ዓይነቱ ፍርስራሽ ውስጥ ነው። አንድ ሳንቲም ከማሳ ወጥቶ ቢሸጥ፣ የሚጠፋው ብሩ ወይም ነሐሱ ብቻ አይደለም፤ ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደ ወጣ የሚመሰክረው ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የቅርስ ጥበቃ በአጥርና በዘበኛ ብቻ ሊጀመር አይገባም። ማሳውን የሚያርሰው ገበሬ የታሪኩ የመጀመሪያ ባለአደራ ተደርጎ ሊታይ፣ ያገኘውን ሲያሳውቅም ሊመሰገንና ሊጠቀም ይገባል። ተረቱን ጠብቆ ያቆየ ሕዝብ እውነቱንም መጠበቅ አያቅተውም።