ያልቸኮለ በባቡር ይሂድ

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚያደርሱ ሦስት መንገዶች አሉ። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ያህል ይበራል፤ ተሳፋሪው የቀረበለትን ጠጥቶ ሳይጨርስ ለማረፍ ቀበቶ እሰሩ ይባላል። በመኪና ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጎህ ሳይቀድ የተነሳ አውቶቡስ የጅቡቲ ከባድ መኪናዎችን እየተከተለና እየቀደመ፣ የጨርጨርን ተራሮች እየወጣና እየወረደ ይውላል። ሦስተኛው ባቡር ነው። ስለ ባቡሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "ስንት ሰዓት ይፈጃል?" የሚል ነው። "ቀኑን ይበላዋል" የሚል መልስ ከተሰማ ወሬው እዚያው ያልቃል።

ሊያልቅ ግን አይገባም ነበር። የአገሪቱን ምሥራቅ ማየት ለሚፈልግ ሰው ከሦስቱ የሚሻለው ባቡሩ ነው፤ የሚሻለውም ቀኑን ስለሚበላ ነው። የሚያሳዝነው፣ ይህን ነገር ባቡሩን የሚያስተዳድሩት ራሳቸው ያመኑበት አይመስልም።

የሐዲዱን አቅጣጫ በካርታ ላይ የተከተለ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። እስከ ሚኤሶ ድረስ የመኪና መንገዱና ሐዲዱ እየተጠጋጉና እየተራራቁ አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ነባሩ አውራ ጎዳና ወደ ደጋው ይወጣል፤ አሰበ ተፈሪን፣ ሂርናንና ቁልቢን አልፎ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ሐዲዱ ተራራውን በስተቀኝ ትቶ በቆላው ይቀጥላል፤ ሙሉ፣ አፍደም፣ ቢኬ። እነዚህን የጣቢያ ስሞች ስንቱ የአዲስ አበባ ነዋሪ ያውቃቸዋል? በአውሮፕላን የሚሄደው ከላይ ያልፋቸዋል፣ በአውቶቡስ የሚሄደው ከተራራው ማዶ ይተዋቸዋል። የኢቱ ኦሮሞ፣ የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደሮች ግመልና ፍየል የሚነዱበት ይህ ሰፊ ቆላ ለከተማ ሰው የሚታየው ከባቡር መስኮት ነው።

አቅጣጫውን የመረጡት የዛሬዎቹ ቻይናውያን መሐንዲሶች አይደሉም። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዛዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ ተጀመረ፤ ነገር ግን ሐረር ተራራ ላይ ናት፣ ባቡርን እዚያ ማውጣት ደግሞ ወጪው የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ሜዳ ላይ ደርሶ ቆመ። ድሬዳዋ የምትባለው የዛሬዋ ከተማ የተቆረቆረችው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ አልቆ፣ ኩባንያው ከስሮ፣ የአውሮፓ መንግሥታት ተጨቃጭቀውበት ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ያ ባቡር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተነሳ ተሳፋሪ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። አዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው ቡፌ ዳዋሽ የተባለው አሮጌ ሆቴል የኖረው በእነዚህ መንገደኞች ነው። በ1923 ዓ.ም. ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ከአውሮፓ የመጡ እንግዶችና ጋዜጠኞች፣ እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ ጭምር፣ የገቡት በዚሁ ሐዲድ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ዋና ከተማዋን ሊይዝ ሲቃረብ ወደ ጅቡቲ የወጡት በባቡር ነው። የዚያን ዘመን የባቡር ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ መንገዱ ረጅም ከሆነ ተጓዡ የሚበላበት፣ የሚተኛበትና የሚያርፍበት ሊዘጋጅለት ይገባል። በለገሃር ጣቢያ ግቢ የነበረው ምግብ ቤትም ከዚሁ አስተሳሰብ የመጣ ነው።

ናፍቆቱን ማብዛት ግን አያስፈልግም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባለው ድልድይ ላይ ከሐዲዱ የወጣው ባቡር ከ400 በላይ ሰዎችን ፈጅቷል፤ በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ የከፋ ተብሎ የሚጠቀስ ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታቱም ያ ባቡር የሚቆምበት ጊዜ ከሚሄድበት እየበለጠ፣ በኮንትሮባንድ ዕቃ እየተጨናነቀ፣ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ መግባቱን አቆመ።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር በሁሉም ረገድ ሌላ ነገር ነው። ከሰበታ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የሐዲዱ ስፋት ከድሮው 1 ሜትር ወደ 1,435 ሚሊ ሜትር አድጓል፤ ባቡሩ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። የተሳፋሪ ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥበት ታስቦ ተሠርቷል። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ፤ ከስድስት ዓመት የቻይናውያን አስተዳደር በኋላ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ሥራው ወደ ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን እጅ ተላለፈ። ነዳጅ በዶላር ለምታስገባ፣ የኤሌክትሪክ ኃይሏን ግን ከሞላ ጎደል ከውኃና ከነፋስ ለምታገኝ አገር ባቡሩ በኤሌክትሪክ መሄዱ ቀላል ነገር አይደለም። ባቡሩን የሚጎትተው ኃይል ከአገር ውስጥ ግድቦች የሚመጣ ነው፤ አውሮፕላኑም አውቶቡሱም የሚያቃጥሉት ከውጭ የተገዛ ነዳጅ ነው።

በመስኮት የሚታየውስ? ከፉሪ ለቡ ጣቢያ የተነሳው ባቡር ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የአዲስ አበባ ደጋ ይጀምራል። የባሕር ዛፉና የጤፍ ማሳው፣ ከዱከምና ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ከሩቅ የሚታየው የዝቋላ ተራራ፣ ከዚያ ሞጆና አዳማ ያልፋሉ። ከአዳማ ወዲያ መሬቱ እየወረደ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል። መተሐራ ሲቃረብ የሸንኮራ አገዳው አረንጓዴ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል፤ ያ ድንጋይ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰ ነው። እዚያው አካባቢ የበሰቃ ሐይቅ አለ። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረው ይህ ሐይቅ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል፤ የድሮውን ሐዲድና የመኪናውን መንገድ እየበላ ብዙ ጊዜ አስቸግሯል። ስለ ተፈጥሮ ለውጥ ለልጁ ማስረዳት የፈለገ አባት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አያገኝም። ከዚያ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ ሳላ የሚሰማራበት ሜዳ፣ የአዋሽ ወንዝ ገደል ይከተላል። አዋሽ ላይ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ወርዷል። ከሚኤሶ በኋላ ደግሞ ግራር፣ አሸዋማ ደረቅ ወንዝ፣ ግመል፣ በስተቀኝ ደግሞ እስከ ድሬዳዋ የማይለይ የተራራ ግድግዳ።

ዘገምተኛነት ለሽያጭ የሚቀርብ ዕቃ መሆኑን ከስዊዞች በላይ የሚያውቅ የለም። ከዘርማት ሴንት ሞሪትዝ የሚሄደው ግላሲየር ኤክስፕረስ የተባለው ባቡር 290 ኪሎ ሜትር ያህል ለመጓዝ 8 ሰዓት ገደማ ይወስድበታል፤ በ291 ድልድዮችና በ91 ዋሻዎች ያልፋል፤ ራሱንም ሳያፍር የዓለም ዘገምተኛው ፈጣን ባቡር ብሎ ያስተዋውቃል። ሰው ከዓለም ዳርቻ መጥቶ ቦታ አስይዞ ይሳፈርበታል። አሜሪካ ውስጥም ከዴንቨር እስከ ኦክላንድ ጎረቤት ድረስ፣ ማለትም ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከተማ ብዙ ሐበሻ ወደሚኖርበት ከተማ፣ የሮኪ ተራሮችን አቋርጦ የሚሄድ ካሊፎርኒያ ዜፊር የተባለ ባቡር አለ። ከ30 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ አውሮፕላን በ3 ሰዓት ያደርሳል። ሐዲዱ በአብዛኛው የጭነት ባቡር ኩባንያዎች ንብረት በመሆኑም ይዘገያል። ቢሆንም ሰፊ መስኮት ያለው የመመልከቻ ፉርጎ ተቀጥሎለታል፤ ሰውም ለዚያ መስኮት ብሎ ይከፍላል።

"እነሱ ሀብታሞች ናቸው" ለሚል ሰው ኬንያ አለች። ከሞምባሳ ናይሮቢ የሚሄደው ባቡር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2009 ዓ.ም. ነው፤ የኛው በተመረቀበት ዓመት ማለት ነው። የሠሩት ቻይናውያን ናቸው፤ ገንዘቡም የቻይና ብድር ነው። የኛ በኤሌክትሪክ ሲሄድ የእነሱ በናፍጣ ነው። የናይሮቢው ጣቢያ እንደ ለቡ ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ ነው። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ኬንያውያን ከመሀል ከተማው አሮጌ ጣቢያ እስከ አዲሱ ጣቢያ የሚያመላልስ ሌላ ባቡር አቀረቡ፤ ትኬቱ በስልክ እንዲቆረጥ አደረጉ፤ በየቀኑ በታወቀ ሰዓት እንዲነሳ አደረጉ። ጻቮ ፓርክ ውስጥ ዝሆኖች ከሐዲዱ ሥር እንዲያልፉ መተላለፊያ ተሠርቷል፤ ዝሆን በመስኮት ማየት ራሱ የጉዞው ማስታወቂያ ሆኗል። ዛሬ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ያጓጉዛል።

እኛ ዘንድ ለቡ ለመድረስ ራሱን የቻለ ጉዞ አለ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አንደኛው መስመር ቃሊቲ ላይ፣ ሌላው ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፤ አንዱም ለቡ አይደርስም። ድሬዳዋም እንዲሁ ነው፤ በባቡር የተቆረቆረች ከተማ አዲሱ ጣቢያዋ ከከተማው ውጭ ነው፤ የደረሰው ሰው ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ፍለጋ ይወጣል። ሐዲዱ ድርብ የሆነው ከሰበታ እስከ አዳማ ብቻ በመሆኑ ከአዳማ ወዲያ ከሚተላለፉ ባቡሮች አንዱ ጣቢያ ቆሞ ሌላውን መጠበቅ አለበት። ከብትና ግመል ሐዲድ ላይ ይገባል፤ ገመድና ብሎን ይሰረቃል። የመስመሩ ዋና ሥራ ኮንቴይነር ከጅቡቲ ማምጣት እንደሆነ የታወቀ ነው። ይህን ሁሉ መካድ አይቻልም።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ችግሮች ግማሾቹ ሐዲድ መዘርጋት አይጠይቁም። ለቡን ከመገናኛና ከለገሃር የሚያገናኝ፣ ባቡሩ በሚነሳበትና በሚደርስበት ሰዓት የሚሰማራ የከተማ አውቶቡስ መመደብ የቻይና ብድር አያስፈልገውም። የጉዞ ቀንና ሰዓትን ለወራት ሳይቀያይሩ ማሳወቅም እንዲሁ። ባቡሩ በቀን ብርሃን እንዲያልፍ ማድረግ ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ያለፈ የፈንታሌ ተራራ ለማንም አይጠቅምም። አንድ ንጹሕ የምግብ ፉርጎ፣ የሚታጠብ መስኮት፣ አዋሽና ድሬዳዋ ላይ ከሆቴሎች ጋር ስምምነት ቢኖር የተቀረው ይመጣል። ለቁልቢ ገብርኤል በታኅሣሥና በሐምሌ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ምእመን ወደዚያ ይጎርፋል። በግንብ የታጠረው የሐረር ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከድሬዳዋ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። ሐዲዱ አጠገብ ይህን ያህል መንገደኛ እያለ የተሳፋሪውን ባቡር የጭነቱ ጥገኛ አድርጎ መተው ስንፍና እንጂ ድህነት አይደለም።

ባቡር ለሁሉም አይደለም። ታማሚ ያለበት፣ ለቀብር የሚደርስ፣ ጠዋት ነግዶ ማታ መመለስ ያለበት ሰው በአውሮፕላን ይሂድ። በመኪና ስለመሄድ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ በአገሪቱ መንገዶች ላይ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሞታል፤ ወደ ወደብ የሚወስደው ጎዳና ደግሞ ከባድ መኪና የሚበዛበት ነው።

የሚቀጥለውን ረጅም ዕረፍት ምሥራቅ ላይ ለማሳለፍ ያሰበ አንባቢ፣ በተለይም ልጆቹን አገር ላሳይ ብሎ ከውጭ የመጣ፣ መሄጃውን በባቡር ያድርገው። ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ስንቅና ውኃ ይያዝ፣ ቦታውን በቀኝ በኩል ይምረጥ። ለመመለሻው ከቸኮለ አውሮፕላን አለ።