ለባቡራችን መብራት የትኛው ባትሪ ይሻላል?

ልጆች፣ ማታ ማታ ጣቢያ የሚቆመውን የሜትሮ ባቡር አይታችሁታል? ቆሞም መብራቱ አይጠፋም። የመጫወቻ ባቡር ግን መብራቱን ከሐዲዱ ካገኘ፣ ሲቆም ብዙ ጊዜ ይጨልማል። ስለዚህ ፉርጎው ውስጥ በባትሪ የሚበራ መብራት ብናስገባ ጥሩ ነው።

እኔ የማልወደው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችውን ትንሽ ባትሪ ነው። ፉርጎ ውስጥ በቀላሉ ትገባለች፤ እውነት ነው። ግን ታናናሾቻችን ከዋጧት በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሯቸውን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች።

2 ቀጫጭን ተራ ባትሪዎች 3 ቮልት ይሰጣሉ፤ ለትንሽ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ይበቃል። የባትሪው ክዳን በብሎን የሚታሰር ይሁን። ፉርጎው ትንሽ ቢከብድ ምን አለበት?

ባትሪ የዋጠ ልጅ ካለ ደግሞ «ይቆጡኛል» ብላችሁ አትደብቁ፤ ወዲያው ለእማዬ ወይም ለአባዬ ንገሩ።